ቁልቁለት ላይ ብትወድቁ ከእናንተ ሌላ ማን ይጎዳል?

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወይም ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በብስክሌት የሚወርድ ሰው «ብወድቅ የምጎዳው እኔው ነኝ» ማለት ይወዳል። ስለ ሄልሜት ከሆነ አባባሉ ከእውነት ብዙም አይርቅም፤ ሄልሜት የሚያድነው የባለቤቱን ጭንቅላት ነው (ያም ቢሆን አድርጉት)። ፍሬን፣ ፍጥነትና ርቀት ግን የሌላ ሰው ጉዳይም ናቸው።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌተኛ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት ለመቆም በጠቅላላው 15 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ60 ሲወርድ 45 ሜትር ግድም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ቁልቁለቱ ሲበረታና አስፋልቱ ሲረጥብ ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ ኩርባው 20 ሜትር ብቻ የሚያሳያችሁ ከሆነ ከ30 በታች ግቡ። እግረኛው በጆሮው ነው የሚሻገረው፤ የሞተር ድምፅ ካልሰማ ዞር ብሎ አያይም፣ ብስክሌት ደግሞ ድምፅ የለውም። መንገድ ዳር በጎች ካያችሁ ገና ከሩቁ ቀዝቅዙ፤ አንዱ ከተሻገረ የቀሩት ተከትለው ይገባሉ። እላያቸው ላይ ደርሶ መጮህ ይበልጥ ይበትናቸዋል።

ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬኑን መያዣ በሙሉ ኃይላችሁ ጭመቁት። መሪውን ከነካ ገመዱ ይጥበቅ። ቸርኬውን የሚይዘው ላስቲክ ላይ ያለው ቦይ ከጠፋ ላስቲኩ ይቀየር። ለ25 ሚሊ ሜትር ጎማና 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ80 እስከ 90 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ይበቃል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ቀጭን ጎማን በቅጽበት ስለሚሞላ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ አስነፉ።

ዓባይ በረሃ ሌላ ጣጣ አለው። ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱም ብዙ ቦታ ተጣጥፏል። ፍሬን ሳይለቁ እንደያዙ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ ሙቀቱ ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል። ከኩርባው በፊት ብስክሌቱ ቀጥ እንዳለ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁ። ቸርኬው ከጋለ ቆማችሁ አቀዝቅዙት።

በቡድን ስትወርዱ በመካከላችሁ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ይኑር፤ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ 22 ሜትር ነው። ሜዳ ላይ ነፋስ ለመከለል መጠጋቱ ያዋጣል፣ ቁልቁለት ላይ ግን አያስፈልግም። የፊት ጎማችሁን ከፊተኛው የኋላ ጎማ ጎን አታስገቡ፤ እሱ ትንሽ ቢያጋድል የምትወድቁት እናንተ፣ የምትጥሉት ደግሞ ከኋላችሁ ያለውን ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ከመካከላችሁ ያልለመደው ሰው ይሁን። ጎበዙ ቀድሞ ሄዶ ታች ይጠብቅ፤ ያልለመደውን አስከትሎ ማብረር ግን በሰው ነፍስ መወራረድ ነው።

ዳገት ላይ የጭነት መኪና በእጅ ይዞ እየተጎተቱ መውጣትም እንዲሁ ነው። ሾፌሩ አያያችሁም፤ ጎማ ስር ብትገቡ የሚታሰረው እሱ ነው።

ሰው ከወደቀ መጀመሪያ አንዱ ወደ ላይ 100 ሜትር ያህል ሮጦ፣ ከኩርባው ባሻገር ቆሞ የሚመጣውን መኪና ያስቁም። ያለዚያ ሊረዱ የተሰበሰቡት ሁሉ መንገድ ላይ ናቸው። ሁለተኛው 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ይደውል፤ የወደቀውን አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው አታንሱት።