ለጂ ፕላስ ዋን ቤት የትኛው ሶሌታ ይሻላል? አመራረጡና አሠራሩ

ብዙ ሰው ሶሌታ (የፎቁ ወለል የሚሆነውን የአርማታ ንጣፍ) የሚመርጠው ጎረቤቱ የሠራውን አይቶ ነው። የሚወስነው ግን የክፍሉ ስፋትና ቅርጽ ነው። ስለዚህ ከስትራክቸር መሐንዲሱ ጋር ከመቀመጣችሁ በፊት ፕላኑን ዘርግታችሁ እነዚህን ሥሩ።

መጀመሪያ ለኩ። በቢሞች (ሶሌታውን በሚሸከሙት አግዳሚ የአርማታ ምሰሶዎች) መካከል ያለውን ቦታ ውሰዱና ረጅሙን ጎን ለአጭሩ አካፍሉት። ከ2 በላይ ከመጣ፣ ሶሌታው ጭነቱን የሚያስተላልፈው በአጭሩ አቅጣጫ ነው። ዋናው ፌሮም በዚያው ይዘረጋል። ከ2 ካልበለጠ ጭነቱ ወደ አራቱም ቢሞች ይሄዳል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ዋና ፌሮ ያስፈልጋል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ሳሎን ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ 2 በ6 ሜትር የሆነ ኮሪደር ደግሞ የመጀመሪያው።

ክብደቱን አስሉ። ብረት የገባበት አርማታ በሜትር ኩብ 2,500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ሳሎን ላይ 75 ኩንታል ያርፋል፤ ሰውና ዕቃ ገና አልተጨመረም። «ወፈር አድርገው፣ ይጠንክር» የሚባለው ለዚህ ነው የማያዋጣው። የጨመራችሁትን ሁሉ ቢሙ፣ ኮለኑ (ቋሚው ምሰሶ) እና መሠረቱ ይሸከሙታል።

አሁን ዓይነቱን ምረጡ። ለመደበኛ የመኖሪያ ክፍሎች ሶሊድ ሶሌታ (ብሎኬት የሌለው፣ ሙሉው አርማታ የሆነ) ይበቃል። አሠራሩን ሁሉም ባለሙያ ያውቀዋል፤ ለመታጠቢያ ቤትም ይመቻል።

ክፍሉ ሰፋ ካለ ሪብድ ሶሌታን አስቡ። ብሎኬት ይደረደራል፣ በመካከሉ ፌሮ ያለው ቀጭን ሪብ (ጠባብ የአርማታ መስመር) ያልፋል፣ ከላይ ስስ አርማታ ይለብሳል። ከሥር ያለው አርማታ ብዙም ጭነት ስለማይሸከም ብሎኬቱ ቦታውን ይይዛል፤ ክብደት ይቀንሳል። ብሎኬቱን አርማታ ከመሙላታችሁ በፊት በውሃ አርጥቡት፤ ደረቅ ከሆነ የአርማታውን ውሃ ይመጠዋል።

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች የምናውቀው ደግሞ ቀድሞ የተመረተ ቢም ተደርድሮ ብሎኬት በመካከሉ የሚገባበት ነው። ሙሉ ፎርምወርክ (አርማታው የሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ) አይፈልግም፤ ድጋፍ ብቻ ይበቃዋል። ቢም የሌለው ፍላት ስላብ ለትልልቅ ሕንፃ ነው። በኮለኑ ዙሪያ የመበሳት አደጋ (ኮለኑ ሶሌታውን ሰንጥቆ ማለፍ) ስላለበት ያለ ጥንቃቄ የተሞላ ስሌት አይሞከርም።

ፌሮው ሲታሰር ከቦታው አትጥፉ። እኔ ከሁሉም በላይ የምሰጋው እዚህ ላይ ነው። በክፍሉ መሀል ዋናው ፌሮ ከታች ነው። በቢሙ ላይ ሲያልፍ ግን ከላይ መሆን አለበት፤ እዚያ የሚለጠጠው የላዩ ነው። ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ሙሉ በሙሉ የተንጠለጠለው በላይኛው ፌሮ ነው። ፌራዮው በትክክል አስሮት ሊሄድ ይችላል። ከዚያ አርማታ የሚያመላልሱ ሠራተኞች ሲረግጡት ይወርዳል፣ አርማታው ይሸፍነዋል፣ ማንም አያየውም። ስለዚህ ከሥሩ የብረት ወንበር (የላዩን ፌሮ ከፍ አድርጎ የሚይዝ የታጠፈ ብረት) አስደርጉ፤ መረማመጃ ጣውላም አስነጥፉ። ለታችኛው ፌሮ ስፔሰር (ፌሮውን ከጣውላው ከፍ አድርጎ የሚይዝ ቁራጭ) ይደረግ፤ ጠጠር መጎዝጎዝ ልማድ አይሁን። የኤሌክትሪክ ቱቦውም በታችኛውና በላይኛው ፌሮ መካከል ይለፍ።

አርማታው ሲሞላ ውሃ አታስጨምሩ። ለሠራተኛ ይቀላል፣ ጥንካሬውን ግን ይቀንሳል። በቫይብሬተር በደንብ ይጠቅጠቅ። ከዚያ ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ ውሃ ይጠጣ፤ ጆንያ አልብሶ ማርጠብ በፀሐይ ጊዜ በጣም ይረዳል።

ድጋፉን ለማንሳት አትቸኩሉ። ቀኑን መሐንዲሱ ይወስን። ለድጋፍ የቆመው ባህር ዛፍ ሲነሳ በክፍል ውስጥ ከመሀል ወደ ዳር ነው። በበረንዳ ላይ ግን ከጫፉ ተጀምሮ ወደ ቢሙ ይኬዳል።