የሞቃትና የቀዝቃዛ አየር ሙከራ አልሠራ ሲል፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የበረዶ አውሎ ነፋስ እንዴት እንደሚፈጠር በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሚያስተምር ሰው ክስተቱን በመስኮት ማሳየት ስለማይችል፣ ዋናውን አሠራር በአንድ ብርሃን አሳላፊ ሣጥን፣ በበረዶ፣ በፍል ውሃና በእጣን ጭስ ማሳየት ይኖርበታል። ሙከራው ቀላል ቢሆንም በመጀመሪያው ሙከራ እንደታሰበው የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብልሽቱን ለይቶ ለማወቅ ግን አስቀድሞ ሣጥኑ ምን ማሳየት እንዳለበት መረዳት ያስፈልጋል።

የበረዶ አውሎ ነፋስ የሚባለው ብርቱ ብርድ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ይህን ስም የሚሰጠው ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲነፍስ፣ እየወረደ ያለው ወይም ከመሬት የተነሣው በረዶ ዕይታን ከ400 ሜትር በታች ሲያደርግና ይህም ቢያንስ ለ3 ሰዓት ሲቀጥል ነው። ከዋልታ አካባቢ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ መሬቱን ተጠግቶ ይሄዳል፤ ከሞቃት ባሕር እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው አየር ደግሞ ቀላል ስለሆነ በቀዝቃዛው ላይ ይወጣል፣ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱም ወደ በረዶ ቅንጣት ይለወጣል። አየሩ ወደ ላይ በሚወጣበት ስፍራ የመሬቱ ግፊት ሲቀንስ በዙሪያው ያለው አየር ወደዚያ ይጎርፋል፤ የግፊቱ ልዩነት በሰፋ መጠንም ነፋሱ ይበረታል። በመጋቢት 1888 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክንና አካባቢዋን ከእንቅስቃሴ ውጭ ያደረገው አውሎ ነፋስ የተነሣው እንዲህ ባለው የሁለት አየሮች መገናኘት ነው። በሣጥኑ ውስጥ የምንፈልገውም ከዚህ አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር በሥር ሲንሸራተት፣ ሞቃቱም በላይ ሲመለስ ማየት።

ዝግጅቱ አጭር ነው። ክዳን ያለው ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ሣጥን ወይም የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ይወሰዳል፤ በአንዱ ጫፍ የተፈጨ በረዶ የያዘ ሳህን፣ በሌላው ጫፍ ፍል ውሃ የያዘ ዕቃ ይቀመጣል፤ ከበረዶው በላይ ክዳኑ ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ጭስ ይገባል። ፍል ውሃውንና ፍሙን አዋቂ ይያዝ፤ ከሰሉም መስኮትና በር በተከፈተበት ስፍራ ወይም በውጭ ይቀጣጠል።

ጭሱ ወዲያው ወደ ክዳኑ ወጥቶ እዚያው ይቀራል

ምክንያቱ የጭሱ ትኩሳት ነው። ከፍም ላይ በቀጥታ የተነሣ የእጣን ጭስ ከሣጥኑ አየር እጅግ ስለሚሞቅ፣ በበረዶው ላይ ቢለቀቅም የራሱን ሙቀት ተከትሎ ይወጣል እንጂ የሣጥኑን አየር ጉዞ አያሳይም። ጭሱን አስቀድሞ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አጠራቅሞ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ ጠርሙሱን ለጥቂት ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማቆየትና ከዚያ በቀዳዳው በኩል በዝግታ ማስገባት ይበቃል።

ጭሱ ሣጥኑን ሞልቶ መልክ ያጣል

ይህ ብዙውን ጊዜ የእጅ ችግር ነው። ጠርሙሱ በኃይል ሲጨመቅ የሚወጣው ጭስ ከሙቀት ልዩነቱ የበለጠ ጉልበት ስለሚኖረው ሁሉንም ያደባልቃል። ክዳኑ ካልገጠመ፣ መስኮት ከተከፈተ ወይም በሣጥኑ አንድ ጎን ፀሐይ ካረፈበትም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ሣጥኑን ከፀሐይ አርቆ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጎ፣ አየሩ እስኪረጋ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ጥቂት ጭስ ብቻ ማስገባት ይገባል። ከሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ቢሰቀልና ከጎን በባትሪ ቢበራ ቀጭኑ ጭስም በግልጽ ይታያል።

ጭሱ በበረዶው ላይ ይተኛል፣ አይንቀሳቀስም

እንደ እኔ አስተያየት በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚበልጠው ችግር ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከፊሉ ከከፍታችን ይመጣል። በባሕር ወለል ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አየር በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.29 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 1.16 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አየሩን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ትንሽ የክብደት ልዩነት ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ የክብደቱ ልዩነትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ውሃውም በደሴ በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የደሴ ክፍል ብርድ ውሃውን ቶሎ ሲያቀዘቅዘው የኮምቦልቻ ቀን ደግሞ በረዶውን ቶሎ ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ ደሴ ላይ ፍል ውሃውን፣ ኮምቦልቻ ላይ በረዶውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይጠቅማል።

ዋናው መፍትሄ ግን ልዩነቱን ከቀዝቃዛው ወገን ማስፋት ነው። በረዶውን በጨርቅ ጠቅልሎ በዘነዘና መውቀጥ፣ ከዚያም ሦስት እጅ በረዶ በአንድ እጅ ደቃቅ ጨው ማደባለቅ ድብልቁን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊያወርደው ይችላል። በዚህ ቅዝቃዜ ላይ እርጥብ ጣት ማቆየት ቆዳን ስለሚጎዳ ተማሪዎች በማንኪያ ይሥሩ። ፍል ውሃውን በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ ፕላስቲኩ ይጨማደድና ይፈሳል። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከነክዳኑ ይሻላል።

ሣጥኑ በላብ ተሸፍኖ ውስጡ አይታይም

ፍል ውሃው ክዳን ስለሌለው እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ እየሆነ ነው። የጭሱን ጉዞ ለማየት ቆርቆሮውን መክደን ይበቃል፤ ነገር ግን ሣጥኑን ከማጽዳት በፊት ላቡ የበዛው የት እንደሆነ ተማሪዎች እንዲያዩ ማድረግ ጠቃሚ ነው፣ የበረዶ አውሎ ነፋስ ግማሽ ታሪክ እዚያ ስላለ። ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው የበለጠ እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ ሲቀዘቅዝ ትርፉን ይለቃል፤ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ወይም ወደ በረዶ ሲለወጥ ደግሞ ተሸክሞት የነበረውን ሙቀት ለአየሩ ስለሚመልስ አየሩ ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል። እርጥበት ከሌለ ብርድ ብቻውን ብዙ በረዶ አያወርድም። የአንታርክቲካ መካከለኛ ክፍል በምድር ላይ እጅግ ቀዝቃዛው ስፍራ ሆኖ ሳለ በዓመት የሚወርድበት በረዶ ቢቀልጥ 50 ሚሊ ሜትር ውሃ እንኳን አይሞላም። በዚያው አህጉር ጠረፍ የሚታወቀው ኃይለኛ የበረዶ አውሎ ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከባዱ አየር ከከፍታው ቁልቁል እየወረደ ቀድሞ የወደቀውን በረዶ ሲያነሣው የሚፈጠር ነው።

ተማሪዎች “ታዲያ ደሴ ብርድ እያለ ለምን አይመጣብንም?” ይላሉ

ጥያቄው የሚነሣው ከታኅሣሥና ከጥር ውርጭ ነው፤ መልሱም በዚያው ሣጥን ውስጥ አለ። በጠራ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ ከሥሩ ያለው ስስ የአየር ንብርብር ይቀዘቅዝና ከጦሳ ተራራ ቁልቁል ወደ ቦርከና ሸለቆ ይንሸራተታል፤ ይህ ጭሱ በሣጥኑ ወለል ላይ የሚያደርገው ጉዞ ነው። በላዩ ላይ የሚወጣ ብዙ እርጥበት ያለው አየር ግን በዚያ ወቅት የለም፤ እንደ እኛ ባለ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ አገርም እንደ ሰሜኑ ክረምት እጅግ የሚለያዩ ሁለት ታላላቅ አየሮች አይገናኙም። በክረምት ዝናብ ጊዜ እርጥበቱ ቢኖርም ከዜሮ በታች የሆነው አየር በአብዛኛው ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሚገኝ በደመናው ውስጥ የተፈጠረው ለስላሳ በረዶ ደሴ ሳይደርስ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ሰብል የሚመታው ጠጠር በረዶ መንገዱ ሌላ ነው፤ እርሱ የሚያድገው በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ኃይለኛ ወደ ላይ የሚነፍስ አየር የውሃ ጠብታዎችን ወደ ቀዝቃዛው ከፍታ ሲወስዳቸው ነው፣ ጠጠሩም ትልቅ ስለሚሆን ሳይቀልጥ መሬት ይደርሳል።

ነፋሱ ታየ፣ በረዶው ግን አልታየም

ሣጥኑ በረዶ እንዲሠራ መጠበቅ ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው፤ የምድር መዞርም ነፋሱን እንዴት ጠምዝዞ በዝቅተኛው ግፊት ዙሪያ እንደሚያዞረው አያሳይም። እንፋሎት በረዶ ሲሆን ለማየት ሌላ ደረቅ ቆርቆሮ ወስዶ በበረዶና በጨው ድብልቅ መሙላትና ማማሰል ይበቃል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በውጭ ገጹ ላይ ነጭ አመዳይ ይይዛል። የታየው የውሃ ጠብታ ብቻ ከሆነ ቆርቆሮው ከዜሮ በታች አልወረደም ማለት ስለሆነ የቀለጠውን ውሃ ደፍቶ፣ በረዶውን ይበልጥ አድቅቆ፣ ጨው መጨመር ያስፈልጋል። ምንም ነገር ካልታየ አየሩ በጣም ደረቅ ነው፤ በበጋ ወራት ይህ የተለመደ ስለሆነ፣ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ክፍት ሳህን ከቆርቆሮው አጠገብ አስቀምጦ ሁለቱን በአንድ ትልቅ ካርቶን መሸፈንና ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ማየት ይገባል።