ቀሚሱን ከማስጠበብሽ በፊት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ስሰፋ 19 ዓመት ሆነኝ። የደንበኞቼን ልኬት የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት፣ ቀን። አሁን ስድስተኛው ላይ ነኝ። ዳይት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያየሁት እዚያ ደብተር ላይ ነው።

አንዷን ላሳይሽ። የኮምቦልቻ ልጅ ናት። የሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ ስትመጣ ወገቧ 92 ነበር። ሁለት ወር ዳይት ያዘች። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ምሳ ሰላጣ፣ ማታ ምንም። ለመጨረሻው ልኬት ስትመጣ 84 ሆነ። ቀሚሱን ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። በዓመቱ ለወንድሟ ሠርግ ያንኑ ቀሚስ ይዛ መጣች። ወገቧ 95። ስፌቱን ስተረትር አጠገቤ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ሆዴን መግዛት አቃተኝ እኮ» አለችኝ።

እንደሷ ዓይነት ልኬት በደብተሬ ሞልቷል። ያ ሁሉ ሰው ሆዱን መግዛት አቅቶት ነው ብዬ አላምንም። ልጄ ጤና ነው የምታጠናው። ስጠይቃት ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ።

ምግብ በድንገት ሲቀነስበት ሰውነት ረሃብ የመጣ ነው የሚመስለው። ሠርግ እንዳለሽ አያውቅም። ስለዚህ ያለውን መቆጠብ ይጀምራል። ከስባችን የሚወጣና «ጠግበናል» ብሎ ለአንጎል የሚናገር ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን አለ። ስንከሳ እሱ ይቀንሳል። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን ደግሞ ይጨምራል። በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አውስትራሊያ ውስጥ 50 ሰዎች ለ10 ሳምንት ጥብቅ ዳይት ይዘው ነበር። ከዓመት በኋላ ሲለኩ የረሃብ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቀድሞው ቦታ አልተመለሱም። በ2016 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በቴሌቪዥን ውድድር በጣም የከሱ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ለካ። አብዛኞቹ ክብደቱ ተመልሶባቸዋል። ሰውነታቸው ግን ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር የሚያቃጥለው። ያቺ ልጅ ስታለቅስ ይህን ባውቅ ኖሮ እነግራት ነበር።

እንግዲህ መክሳት ከፈለግሽ፣ እኔ ለደንበኞቼ የምላቸውን ልንገርሽ።

ከምንም በፊት ራስሽን ይህን ጠይቂ፦ «ይህን ነገር የዛሬ አምስት ዓመትም አደርገዋለሁ?» መልሱ «አይ» ከሆነ አትጀምሪው። የሎሚ ውሃውም፣ እንጀራ ጨርሶ መተዉም እዚህ ላይ ይወድቃሉ። አምስት ዓመት ሙሉ እንጀራ ሳይቀርብበት የሚኖር ቤት ደሴ ውስጥ አላየሁም።

ቀጥሎ ወገብሽን ለኪ። ሚዛን ከሌለሽ ምንም አይደል፣ ሜትር ይበቃል። ከመጨረሻው የጎን አጥንትሽና ከዳሌሽ አጥንት ጫፍ መሃል ላይ ነው የሚለካው። ቀሚሱን ገልጠሽ ቆዳሽ ላይ አድርጊው። ሆድሽን ወደ ውስጥ አትሳቢ። ትንፋሽሽን አውጪና ያን ጊዜ አንብቢ። ሜትሩ ይንካሽ እንጂ አይቆንጥጥሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሳንቲሜትር ሲያልፍ የስኳርና የልብ ሕመም ስጋት እንደሚጨምር ይናገራል። በየቀኑ አትለኪ፣ በወር አንዴ በቂ ነው።

ከዚያ ወደ ቡናው። እዚህ ላይ ብዙ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም በኛ አገር ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ካደረግሽ በቀን 12 ማንኪያ ሆነ። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነው። 48 ግራም ስኳር ምግብ ሳይቀርብ ገባ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ከተቻለ ከ25 እንዳይበልጥ ይመክራል። ቡናውን ተዪ አልልሽም። ጎረቤት ጠርታሽ መቅረት የት አለ? ስኳሩን ግን ራስሽ አድርጊ። ሌላ ሰው እንዲያደርግልሽ አትፍቀጂ። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ። ጤና አዳም ጣል ስታደርጊበት የስኳሩ ማነስ ብዙም አይታወቅሽም። እኔ ከሁለት ወደ ግማሽ ለመውረድ ስድስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን ሰው ቤት ሁለት ሲያደርጉልኝ አልጠጣውም፣ ስኳሩ ይበዛብኛል።

ዘይቱንም ከጠርሙስ አትገልብጪ። በሾርባ ማንኪያ ለኪው፤ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። በጾም ወቅት የሚወፍር ሰው ብዙ የማየው በዚህ ነው። ሥጋው ቀርቶ ዳቦው፣ ሳምቡሳውና የተጠበሰው ይበዛል።

ምግብ አትዝለዪ። ምሳ ያልበላች ሴት ማታ ስትገባ ምን እንደምታደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን አብዢ፣ እንጀራውን ትንሽ ቀንሺ። ጥራጥሬ ያጠግባል፣ ጡንቻም ይጠብቃል። ተርቦ የሚከሳ ሰው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ያጣል።

መንቀሳቀስ ላይ ደሴ ራሷ ታግዝሻለች። ከተማው ሁሉ ዳገት ነው። ባጃጁን አንድ ፌርማታ ቀደም ብለሽ ውረጂና የቀረውን በእግርሽ ውጪ። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ እዚያ ረዘም አድርጎ መሄድ ይሻላል። በእግር መሄድ ለብቻው ብዙ አያከሳም። የቀነሰውን እንዳይመለስ ለመጠበቅ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የሆነ ወር ላይ ሜትሩ አልንቀሳቀስ ይልሻል። ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚያ ነው። ደንግጦ ምግቡን የበለጠ ይቀንሳል። አታድርጊው። ያንኑ እያደረግሽ ቆዪ። 80 ኪሎ የሆነች ሴት 4 ኪሎ ብቻ ቀንሳ ብትቆይ እንኳ ለደም ግፊቷና ለስኳሯ ይጠቅማታል። የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ምግብ ከመቀነስሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። ስኳር ድንገት ሲወርድ አደገኛ ነው።

የኮምቦልቻዋ ልጅ ባለፈው ጥር ተመልሳ መጣች። ዳይት የለም፣ ስኳሩንና ዘይቱን ብቻ ቀንሳለች፣ ማታ ማታ ከባሏ ጋር ትሄዳለች። ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ለካኋት፣ 90። «ላጥብበው?» አልኳት። ቀሚሱን መስታወት ፊት አየችውና «ተዪው፣ ይመቸኛል» አለች። ከውስጥ በኩል ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ትቼ ጠርዙን ሰፋሁላት።