አዲስ አበባ ላለው ቤትዎ ስማርት ማብሪያና ማከፋፈያ ሲያስገጥሙ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሰንጋተራ 40/60 ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ኖሮት ውጭ የሚኖር ሰው ከስልክ በኢንተርኔት የሚታዘዝ ስማርት ማብሪያ የሚያስገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ማታ መብራት በርቶ ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስል፣ ቦይለር በርቶ እንዳያድር፣ እንግዳ ሲመጣም ዘመድ ላለማስቸገር ነው። ይህ ሁሉ ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም እንደሠራው እዚያም ይሠራል ብለው ሲገዙ ነው። መሐል ከተማም ቢሆን መብራት ይጠፋል፣ ሲመጣ ቮልቴጁ ይዘላል፣ ኢንተርኔቱም በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መስመሩ ሲቋረጥ ወይም ዕቃው ሲበላሽ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ግድግዳው ጋ ሄዶ በእጁ ማብራትና ማጥፋት ይችላል? ካልቻለ ያንን ዕቃ ይተዉት።

ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት

ኢትዮጵያ ውስጥ መስመሩ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ይሠራል፣ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ይቅር። በተለይ የአሜሪካ ማከፋፈያ አደገኛ ነው። ውስጡ ያለው የሰርጅ (የድንገተኛ ቮልቴጅ ዝላይ) መከላከያ ለ120 ቮልት መስመር የተመጠነ በመሆኑ 220 ላይ እንደተሰካ ይግላል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም።

ከአሜሪካ የሚመጣ የግድግዳ ማብሪያ ሌላም ችግር አለበት፤ ቅርጹ አዲስ አበባ ግድግዳ ውስጥ ካሉት ሳጥኖች ጋር አይገጥምም። የቆዩ ቤቶች ብዙ ጊዜ አግድም የተቀመጠ የጣሊያን ሳጥን አላቸው፤ ሌሎች ቤቶች ውስጥ 60 ሚሊሜትር ክብ ወይም ለ86 ሚሊሜትር የቻይና ክዳን የሚሆን አራት ማዕዘን ሳጥን ያጋጥማል። እኛ የምንመክረው ሙሉ ማብሪያ መግዛቱን ትተው ከነባሩ ማብሪያ ጀርባ የሚደበቀውን ትንሽ ሞጁል፣ ለምሳሌ ሼሊ ወይም የሶኖፍ ሚኒ ዓይነቱን፣ እንዲመርጡ ነው። ግድግዳው ላይ የሚታየው የድሮው ማብሪያ እንዳለ ይቀራል፣ አክስትዎም ሆነች ተከራዩ አዲስ ነገር መማር አይጠበቅባቸውም፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ማብሪያው ይሠራል።

ሞጁሉን ከማዘዝዎ በፊት ኤሌክትሪሻኑ ብሬከሩን አጥፍቶ አንድ ማብሪያ ይክፈትና የውስጡን ፎቶ ይላክልዎ። የሚፈልጉት ኑትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ መኖሩን ነው። በብዙ ቤቶች ወደ ማብሪያው የሚወርደው ኃይል ያለበት ሽቦ (ፌዝ) እና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ነው፤ ኑትራሉ ጣሪያው ላይ ወይም መገናኛ ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። ኑትራል ከሌለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሞጁሉን ማብሪያው ጋ ሳይሆን ኑትራል ባለበት መገናኛ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ነው፤ ይህ የተሻለው ነው። ሁለተኛው «ኑትራል አያስፈልገውም» የሚባለውን ዓይነት መግዛት ነው። ይህኛው ለራሱ የሚበቃውን ኃይል በአምፖሉ በኩል ስለሚስብ 5 ወይም 7 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል ሲጠፋ ጭል ጭል ይላል፤ አብሮት የሚመጣውን ካፓሲተር አምፖሉ ጋ መግጠም ግድ ነው። ባለሙያው በቴስተር ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን መሆኑንም ያረጋግጥ። ኑትራሉን የሚቆርጥ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም መያዣው ላይ 220 ቮልት ይቆያል፤ አምፖል የሚቀይረው ሰው ይያዛል።

ምኑ ላይ ይሰካል፣ ምኑ ላይ አይሰካም

ስማርት ሶኬት ላይ 16 አምፔር ተብሎ ይጻፋል። በ220 ቮልት ሲሰላ 3,520 ዋት ማለት ነው። ይህ ለአጭር ጊዜ የሚችለው እንጂ ለሰዓታት የሚሸከመው አይደለም። ውስጡ ያለችው ሪሌ (መስመሩን የምታገናኘውና የምትቆርጠው ክፍል) ጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ታፍና ስትግል መገናኛዋ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ነገር ከሆነ 16 አምፔር የሚለውን 10 አምፔር፣ ማለትም 2,200 ዋት አድርገው ይቁጠሩት። ማከፋፈያ ደግሞ እያንዳንዱ ቀዳዳ 10 አምፔር ቢልም ጠቅላላው 10 አምፔር ነው፤ አራት ቀዳዳ ስላለው አራት እጥፍ አይሸከምም።

በዚህ ሂሳብ የእንጀራ ምጣድ ስማርት ሶኬትም ማከፋፈያም ላይ ፈጽሞ አይሰካም። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ፍሪጅም በርቀት የሚጠፋ ሶኬት ላይ አይሁን፤ አንድ የተሳሳተ ንክኪ ወር ሙሉ የተቀመጠ ሥጋ ያበላሻል፣ ቶሎ ጠፍቶ ቶሎ ሲበራም ኮምፕረሰሩ ይጎዳል።

ቦይለርና የውሃ ፓምፕ መሐል ላይ ናቸው። 1,500 ዋት ቦይለር ወደ 7 አምፔር ስለሚስብ ጥሩ ሶኬት ይችለዋል። ፓምፕ ግን ሞተር ነው፤ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ በዚያች ቅጽበት የሪሌዋ መገናኛ ይጣበቃል። ከተጣበቀ አፑ ላይ «ጠፍቷል» ይላል፣ ፓምፑ ግን ይሠራል። መፍትሔው ስማርት ሞጁሉ ፓምፑን በቀጥታ እንዳይነካ ማድረግ ነው፦ ሞጁሉ የኮንታክተሩን (ትልቅ ጭነት የሚችል ሪሌ ነው) ኮይል ብቻ ያዝዝ፣ ፓምፑን ኮንታክተሩ ይቁረጥ። 20 ወይም 25 አምፔር ኮንታክተር ለቤት ፓምፕ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ምድር ያለው ሮቶ ባዶ ሲሆን ፓምፑን የሚያቆም ፍሎት በዚያው መስመር ላይ ይግባ። ደረቁን የሚሽከረከር ፓምፕ እርስዎ አፑን እስኪከፍቱ አይጠብቅም።

ለቦይለርና ለፓምፕ ዋት የሚያሳይ ዓይነት ይግዙ። ካጠፉ በኋላ ዋቱን ይዩ፤ ዜሮ ካልሆነ ሪሌው ተጣብቋልና ዘመድ ደውለው ብሬከሩን ያስወርዱ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ

ርካሽ ስማርት ዕቃ ቶሎ የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ኃይል መስጫው ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለችው ትንሽ ካፓሲተር ቮልቴጁ በዘለለ ቁጥር አቅሟ ይቀንሳል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ሪሌው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ዕቃው ከዋይፋይ ይወጣል፣ ይገባል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። ማከፋፈያ ላይ ያለ የሰርጅ መከላከያ ለአጭር ዝላይ ይረዳል፤ ለረጅሙ ግን አይሆንም። ከትራንስፎርመር የሚመጣው ኑትራል ከተላቀቀ ቤት ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፣ ለደቂቃዎችም ሊቆይ ይችላል። ያኔ የሚያድነው ከዋናው ብሬከር ቀጥሎ የሚገጠም፣ ቮልቴጁ ከልክ ሲወጣ መስመሩን የሚቆርጥ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው። ከዋናው ብሬከር አምፔር ያላነሰ ይምረጡ፤ ታችኛውን 180፣ ላይኛውን 250 ቮልት፣ የመዘግየቻውን ጊዜ 180 ሰከንድ ያስተካክሉት። ለአንድ ቤት ይህን ብቻ ግዙ ብንባል ይህን እንመርጣለን፤ ስማርቱን ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁንም ያተርፋል።

የሰርጅ መከላከያ መሬት መስመር ከሌለው ከፊል ሥራውን አይሠራም። ባለሙያው ሶኬቱ ላይ በመልቲሜትር ይለካ፦ ከፌዝ እስከ መሬት 220 አካባቢ፣ ከኑትራል እስከ መሬት ጥቂት ቮልት መሆን አለበት። ከፌዝ እስከ መሬት 80 ወይም 100 ከታየ የመሬቱ ቀዳዳ እንጂ መስመሩ የለም።

ቀጥሎ አፑ ውስጥ «መብራት ሲመለስ ምን ይሁን» የሚለውን ቅንብር ይፈልጉ። ሦስት ምርጫ አለው፦ ይብራ፣ ይጥፋ፣ እንደነበረ ይሁን። ቦይለር፣ ፓምፕና ካውያ የሚሰካበት ሶኬት ሁሉ «ይጥፋ» ላይ ይሁን። የደጅ መብራት «እንደነበረ» ቢሆን ይሻላል። ይህ ቅንብር የሌለውን ዕቃ አይግዙ።

ስማርት አምፖል ለዚህ ከተማ አንመክርም። ብዙዎቹ በተከታታይ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ሲጠፉና ሲበሩ ማህደራቸውን ሰርዘው እንደ አዲስ እንዲያያዙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። መብራት ሲመላለስ ይህንኑ ያደርጋል። አምፖሉም እዚያ ብልጭ ድርግም እያለ ከአጠገቡ ሆኖ በስልክ የሚያያይዘው ሰው ይጠብቃል። ተራ ኤል ኢ ዲ ከግድግዳ ሞጁል ጋር ይበቃል።

ዋይፋይና ሰዓት

አብዛኞቹ ዕቃዎች 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው የሚያውቁት። ራውተሩ ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ይቀመጥ፤ አሜሪካ የተገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ 12 እና 13ን አያይም። ከመላክዎ በፊት እዚያው ባሉበት አገር ስልክዎ ላይ ሆትስፖት ከፍተው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አዲስ አበባ ካለው ራውተር ጋር አንድ ዓይነት ያድርጉት፣ ዕቃውንም በዚያ ያያይዙት። ቤት ደርሶ ሲሰካ በራሱ ይገባል። ቤት ያሉት ራውተር ሲቀይሩ ወይም ከኢትዮ ቴሌኮም ወደ ሳፋሪኮም ሲዛወሩም የድሮውን ስምና የይለፍ ቃል አዲሱ ላይ ይድገሙት፤ አንዱንም ዕቃ እንደገና ማያያዝ አያስፈልግም።

ራውተሩን ራሱን በዋይፋይ የሚታዘዝ ሶኬት ላይ አይሰኩ። ካጠፉት ማብሪያ መንገድ የለዎትም። ለራውተሩ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይግዙ፤ 10,000 ሚሊአምፔር የሚለው ባትሪ በእውነቱ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ 10 ዋት የሚበላ ራውተር ለ3 ሰዓት ያህል ይይዛል። አንድ ትንሽ ዕቃ፣ ለምሳሌ ካሜራ፣ ከዩፒኤሱ ይሰኩ። ካሜራው እየታየ ማብሪያዎቹ ሁሉ ከጠፉ መብራት ሄዷል ማለት ነው፤ ሁሉም ከጠፉ ኢንተርኔቱ ነው ወይም ባትሪው አልቋል። መብራት የሄደው ጎረቤት ሳይጠፋ ከሆነ ወደ መብራት ኃይል 905 ከመደወል በፊት የካርድ ቆጣሪው ሒሳብ ማለቁን ያስጠይቁ።

አፑን ሲከፍቱ የቤቱን ቦታ አዲስ አበባ ያድርጉ። አለዚያ ማታ እንዲበራ ያዘዙት መብራት በእርስዎ አገር ማታ ይበራል። አፑ 18:00 የሚለው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ቤት ያለው ወንድምዎ «12:30 ላይ ይብራ» ብሎ በአፑ 12:30 ከሞላ መብራቱ እኩለ ቀን ላይ ይበራል። ዓመቱን ሙሉ ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12:50 አካባቢ ስለሆነ በ18:15 አንድ ጊዜ ቢሞሉት ይበቃል። ብዙዎቹ ዕቃዎች የራሳቸው የሰዓት ባትሪ የላቸውም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱን ስለማያውቁ የታዘዙትን አያደርጉም። የደጅ መብራት ከምር የሚያስፈልግዎ ከሆነ በብርሃን ዓይን የሚሠራ ተራ ሴንሰር ያስገጥሙ።

ኩባንያው ቢዘጋስ

ይህ በተደጋጋሚ ሆኗል። ስማርት ዕቃ የሚሠራው የኢንስቲዮን ኩባንያ ሰርቨሮች በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2022 ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘግተዋል፣ ቤልኪን የተባለው ኩባንያም ዊሞ ለሚባለው ስማርት ዕቃው ለአብዛኛው የሚሰጠውን አገልግሎት እንደሚያቆም በ2025 አስታውቋል። ያለ ኩባንያው ሰርቨር በቤቱ ዋይፋይ ውስጥ መታዘዝ የሚችል፣ ለምሳሌ ሼሊ ወይም የማተር (የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃ የሚግባባበት የጋራ ደረጃ) ምልክት ያለው ዕቃ፣ ኩባንያው ቢዘጋም ቤት ውስጥ ይሠራል። የሶፍትዌር ማሻሻያ በራሱ እንዲጫን አያድርጉ፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ዕቃው ላይነሳ ይችላል። ሲያስፈልግ አንድ በአንድ፣ ሰው ቤት ባለበት ቀን ያድርጉት።

አካውንቱ በእርስዎ ስም ይሁን፤ ለዘመድ የይለፍ ቃል ከመስጠት ይልቅ አፑ ውስጥ ባለው ማጋሪያ ያካፍሉ። ጥበቃ ወይም ተከራይ ሲለቅ ያንኑ ቀን ይሰርዙት።

የብሬከሩ ሳጥን ክዳን ላይ የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚቆርጥ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። አንድ ትርፍ ሞጁል፣ ናስትሮና ካቻቪቴ በፌስታል ሆነው ሳጥኑ አጠገብ ይቀመጡ፤ ከሞጁሉ ጋር የሽቦዎቹ የመጀመሪያ ፎቶ ታትሞ ይግባ። ሞጁሉ ሲሞት ኤሌክትሪሻኑ ፌዙንና ወደ አምፖል የሚሄደውን ሽቦ በድሮው ማብሪያ ላይ መልሶ ያስራል፣ መብራቱም በዚያው ቀን ይበራል።