ዘጠና ቀን፣ አምስት በግ

ጡረታ የወጣሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው ወልድያ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታህሳስ 2014 በጦርነቱ በከተማችን ላይ ያለፈውን እዚህ አልዘረዝርም። ከዚያ በኋላ ግን ሰፈራችን ውስጥ ሥራም ትምህርትም የሌላቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው የሚውሉ ልጆች በዙ። ለአንዱ አዘንኩና ጥሬ ብር ሰጠሁት። በሳምንቱ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ሊሻገር ተነሳ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ የጠፋበት ልጅ ብር ሲይዝ መጀመሪያ የሚታየው መንገድ ነው።

አሁን በግ ማድለብ ነው የማስጀምረው። በግ ቀን አለው። ዘጠና ቀን ተቀልቦ በዓል ላይ ይሸጣል። ልጁ የሚቆጥረው ነገር ያገኛል።

ለሁለት ልጆች አምስት በግ ይበቃል። አንዱ ክርስቲያን ሌላው ሙስሊም ቢሆኑ እሰየው፤ ወሎ ነውና ፋሲካም አረፋም ገበያ ነው። ለአረፋ ዓይኑ የጠፋ ወይም የሚያነክስ በግ እንደማይሆን የሚያውቅ ሰው አብሮ አለ ማለት ነው።

የመግዣውን ጊዜ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ሰኔ መጀመሪያ፣ ለገና ደግሞ ልክ ከመስቀል በኋላ። ሰኔ ላይ ገበሬው ለማዳበሪያና ለቀለብ ሲል ስለሚሸጥ ዋጋው ይቀላል። ገበያ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ፤ እናንተ ዝም በሉ። (ለእኔ በጣም የከበደኝ ይሄ ነው።) አፉን ይክፈቱ፤ ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያወጣ ወንድ ጥሩ ነው። ወገቡን በመዳፍ ይጫኑ። የከሳ፣ ግን ዓይኑ ንቁ፣ አፍንጫው ንጹሕ የሆነውን ይውሰዱ። የደለበ ከገዛችሁ የሌላ ሰው ፉርሽካ ነው የገዛችሁት።

ቤት እንደገባ የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጠው፤ ክትባቱን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። ፉርሽካና ፋጉሎውን (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን) በአንዴ አትዘርግፉለት፣ ሆዱ ይነፋል። በአንድ እፍኝ ጀምራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ድርቆሽ ወይም ገለባ፣ ጨውና ንጹሕ ውኃ አይለየው።

ውሉን በወረቀት አስፍሩት። ልጆቹ ከሽያጩ የሚመልሱት የበጎቹን መግዣ ብቻ ነው፤ እሱም ለሚቀጥሉት ሁለት ልጆች ይሆናል። ትርፉ የእነሱ ነው። በግ ቢሞትስ? መጀመሪያ ላይ ይህን ሳንነጋገር አንዱ ሞተና ልንጣላ ነበር። አሁን ግማሹን እኔ እችላለሁ። በሽያጩ ቀን ደግሞ አብራችኋቸው ባንክ ሂዱ። ከበዓል በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ቀጣዩን ይገዛሉ።

ስለ ጦርነቱ አትጠይቁ። ራሳቸው ካወሩ ስሙ። እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር፣ ራሴን አጠፋለሁ የሚል ልጅ ካለ ግን በግ ሐኪም አይደለምና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

በግ ካስጀመርኳቸው ልጆች አንዱ የቆርቆሮ በር ገጭ ሲል መሬት ላይ ይቀመጥ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከ“እሺ” ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔም የማሽላ አገዳ እየከተፍኩ አጠገቡ እቀመጣለሁ። በየአሥር ቀኑ የበጎቹን ወገብ እንዲዳስስ ነግሬው ነበር፤ ሚዛን ለሌለው ሰው መዳፍ ነው ሚዛኑ። በአርባኛው ቀን ገደማ እጁን ከበጉ ጀርባ ላይ ሳያነሳ ዞር አለና፣

“ጋሼ፣ አጥንቱ ጠፋብኝ” አለኝ።