ሃሪኬን ሳይደርስ፦ ገጠር ያለ ክሊኒክና ጎረቤቱ ምን ያዘጋጁ?

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ሌሊት ሃሪኬን ሄሊን የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ የፍሎሪዳን ጠረፍ መታ። በማግስቱ፣ ከዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው የቴነሲዋ ኧርዊን፣ የኖሊቸኪ ወንዝ ሞልቶ አንድ ትንሽ ሆስፒታል በውኃ ተከበበ። ሕመምተኞችን እንዲያወጡ የተላኩት አምቡላንሶች ከጎርፉ የተነሣ ሆስፒታሉን መቅረብ አልቻሉም። ከ50 በላይ ሰዎች ጣሪያ ላይ ወጥተው በሄሊኮፕተር ተረፉ።

ስለዚህ «እኛ ከባሕር ሩቅ ነን» ማለት አያዋጣም። በዚያ ላይ ገጠር መንገድ ከተቆረጠ እርዳታ ቶሎ አይደርስም። የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ከታች ያለው ሥራ በሜይ ቢያልቅ ይሻላል። ከእኛም ሰው በአሜሪካ ክሊኒኮችና የአረጋውያን መጦሪያዎች የሚሠራው ብዙ ነውና፣ ለአለቃችሁ ንገሩ።

1. ማንን እንደምትጠይቁ እወቁ

የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ የመጀመሪያው በር አይደለም። ክሊኒክ ጀነሬተር፣ ውኃ ወይም አምቡላንስ ሲያጥረው የሚጠይቀው የካውንቲውን የአደጋ ጊዜ ቢሮ ነው። ካውንቲው ካልቻለ ወደ ስቴቱ ያስተላልፋል፣ ስቴቱ ደግሞ ወደ ፌዴራል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሄዳችሁ የቢሮውን ሰዎች በአካል ተዋወቁ። በዚያ ቀውጢ ሰዓት የሚያውቃችሁ ሰው ስልክ ቢያነሳ ይሻላል። በአካባቢያችሁ ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና አምቡላንሶች አልጋና ዕቃ የሚደጋገፉበት የጤና ተቋማት ጥምረት ካለም ግቡበት። መጠለያና ምግብ የሚፈልግ ቤተሰብ 211 ይደውል።

2. ያለ መብራት መቆየት የማይችሉትን መዝግቡ

የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት «ኤምፓወር» የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ ካርታ አለው። በየዚፕ ኮዱ ስንት የሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ተጠቃሚ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ እንደያዘ ያሳያል። ስም ግን አይሰጥም። ስሙን ከራሳችሁ መዝገብ አውጡ፦ ማን ነው? ቤቱ የት ነው? የኦክስጅን ማሽኑ ባትሪ ስንት ሰዓት ይይዛል? ትርፍ ሲሊንደር አለው? መኪና ይዞ የሚሄድለት ማነው? ዝርዝሩን በወረቀት አትሙት። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል።

የኩላሊት እጥበት ያለባቸውን ለብቻ ጻፉ። ማዕበሉ ሳይደርስ ቀድመው እንዲታጠቡ ከማእከላቸው ጋር ተነጋገሩ። እጥበቱ ቢዘገይ የሚከተሉትን የ3 ቀን የአደጋ ጊዜ አመጋገብም ከወዲሁ ይቀበሉ።

3. ጀነሬተሩን ሂዱና እዩት

ማሽኑ፣ የነዳጅ ጋኑና ፓምፑ ምድር ቤት ከሆኑ ጎርፍ ሲገባ አለቀላችሁ። ቀጥሎ ሶኬቶቹን ተመልከቱ። በብዙ የጤና ተቋማት ከጀነሬተር የሚያገኙት ቀይ ናቸው። የክትባቱ ፍሪጅ ነጩ ላይ ተሰክቶ ቀዩን የቡና ማፍያ ይዞት እንዳይሆን! ሆስፒታሎች ጀነሬተራቸውን በወር አንዴ፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ ጭነት አስይዘው ይፈትናሉ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። መንገድ ሲዘጋ ነዳጅ ማን እንደሚያመጣም በጽሑፍ ተዋዋሉ።

ቤት ውስጥ ለምትጠቀሙ፦ ጀነሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጭ ይቀመጥ። ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም፣ በጭራሽ። ጭሱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ሰው ከሚገድሉት አንዱ እሱ ነው።

4. ውኃና መድኃኒት

ከሄሊን በኋላ የሰሜን ካሮላይናዋ አሽቪል ነዋሪዎች የሚጠጣ የቧንቧ ውኃ ያገኙት ከ7 ሳምንት በላይ ቆይተው ነው። በዚያው ስቴት ማሪዮን አጠገብ ጎርፍ የዘጋው ፋብሪካ ደግሞ የአሜሪካን 60 በመቶ ያህል በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ (ግሉኮስና ሳላይን) የሚያመርት ነበር። ሩቅ ያሉ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ፈሳሽ መቆጠብ ጀመሩ። ክሊኒካችሁ አንድ አቅራቢ ብቻ ካለው ሁለተኛ ፈልጉ።

ውኃ አፍልቶ መጠጣት ይቀድማል። ማፍላት ካልተቻለ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና፦ 6 በመቶ ከሆነ ለ1 ጋሎን ድፍርስ ያልሆነ ውኃ 8 ጠብታ፣ 8.25 በመቶ ከሆነ 6 ጠብታ። አማስሉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። በነዳጅ ወይም በኬሚካል የተበከለ ውኃ ግን ቢፈላም፣ በረኪና ቢገባበትም አይሆንም።

ኢንሱሊን ከፍሪጅ ውጭ፣ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት፣ እስከ 28 ቀን ይቆያል። በረዶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል።

5. ስልክ ሲሞት

በካሮላይና ተራሮች ስልክ ሲጠፋ መልእክት ካመላለሱት መካከል የአማተር ሬዲዮ ባለቤቶች፣ ማለትም ፈቃድ አውጥተው በራሳቸው ሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች፣ ነበሩ። በሰፈራችሁ ማን እንዳለው ጠይቁ። ለሠራተኞችም «ካልተደዋወልን በዚህ ሰዓት እዚህ እንገናኝ» የሚል ቦታ ወስኑ።

6. ወረቀቱ

የጎርፍ ኢንሹራንስ ከቤት ኢንሹራንስ የተለየ ነው፤ የፌዴራሉ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው። አውሎ ነፋሱ ቲቪ ላይ ሲታይ መግዛት ትርፉ ድካም ነው።

ከጉዳቱ በኋላ ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ደረሰኝና የሠራተኞችን የትርፍ ሰዓት መዝግቡ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ክሊኒክ ለፌማ የመንግሥት ድጋፍ ማመልከቻውን የሚያስገባው፣ አካባቢው በአደጋው አዋጅ ከተካተተ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን አላቸው፤ ስልኩ 1-800-621-3362 ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነጻ ነው። «አይገባችሁም» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ወረቀት ነው፤ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለ።