ቅርንጫፍ ሱቆችን ከማገናኘትዎ በፊት የአይፒ አድራሻ ይደልድሉ

ዋና ሱቁ በደብረ ማርቆስ፣ ቅርንጫፎቹ ደግሞ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሆኑ ነጋዴ ኮምፒውተሮቻቸውን በአንድ መረብ ለማስተሳሰር ሲያስቡ፣ ከዕቃ ግዥ በፊት ሊሠሩት የሚገባው፣ ምንም ወጪ የማይጠይቀው ሥራ ለእያንዳንዱ ሱቅ የተለየ የአይፒ አድራሻ (በመረብ ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚለይበት ቁጥር) ክልል መደልደል ነው። ብዙ ራውተሮች (መረጃን ከመረብ ወደ መረብ የሚመሩ መሣሪያዎች) ከፋብሪካ ሲወጡ በ192.168.0 ወይም በ192.168.1 የሚጀምር ተመሳሳይ አድራሻ ይዘው ስለሚመጡ፣ ሱቆቹ እንዲሁ ተትተው በኋላ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) ሲገናኙ ራውተሩ መረጃው ወደ የትኛው ከተማ መሄድ እንዳለበት መለየት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ የየማተሚያውንና የየሽያጭ ኮምፒውተሩን አድራሻ እንደገና መለወጥ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ለደብረ ማርቆስ 10.20.1.0፣ ለፍኖተ ሰላም 10.20.2.0፣ ለቡሬ 10.20.3.0 ተብሎ ከመነሻው ቢመደብ፣ ነገ በደምበጫ አራተኛ ሱቅ ሲከፈት ቀጣዩ ቁጥር ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ሱቁን፣ የመጨረሻው ቁጥር መሣሪያውን የሚለዩበት፣ በ24 ቢት የተከፈለ እንዲህ ያለ ክልል እስከ 254 መሣሪያዎችን ስለሚይዝ ለአንድ ሱቅ ከበቂ በላይ ነው። ለደንበኞች የሚከፈት ዋይፋይ ካለ ከሽያጭ ኮምፒውተሮቹ ፈጽሞ ይለይ።

መብራትና መስመር መቋረጡ ስለማይቀር፣ የሽያጭ ፕሮግራሙ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ሽያጩን እዚያው መዝግቦ መስመሩ ሲመለስ ወደ ዋናው ሱቅ የሚልክ መሆኑን፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ገመዱን አስነቅለው በዓይንዎ ያረጋግጡ። በእኔ እምነት ይህ ችሎታ ከመስመሩ ፍጥነት ይበልጣል። ራውተርና ስዊች (የሱቁን መሣሪያዎች በገመድ የሚያገናኘው ዕቃ) የሚወስዱት ኃይል ጥቂት በመሆኑ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ለእነርሱ ይበቃል።